ከበሩ ላይ የተሰቀለው ዋንጫ

ማን አጠበው?

እሜት ወለተሩፋኤል ይህን ጥያቄ በልባቸው ይዘው ዋሉ፤ ይዘውትም አደሩ። የልጅ ልጃቸው አላምረው ከማዘጋጃ ቤት ሥራው ሲመለስ እግሩ ታጥቦ ነበር። ዝም ብሎ ውሃ የነካው እግር አይደለም። የተረከዙ ንቃቃት ሳይቀር ተፈትጎ፣ ቅቤ ነክቶት፣ በጥፍሩ ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ሳትቀርበት ነበር የመጣ። ወንድ ልጅ የራሱን እግር እንዲህ አያጥብም። ይህ የሰው እጅ ነው፤ ጎንበስ ያለ፣ ያልቸኮለ የሰው እጅ።

"ውሃው ሞቆልሃል" አሉት ከቤት ውስጥ ሆነው፣ እንደ ሁልጊዜው።

"ታጥቤያለሁ እምዬ፤ አይድከሙ።"

"የት?"

"እዚያው፣ ሥራ ቦታ።"

አጥሩ ሥር የተቀመጠው የገንቦ ውሃ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆየ፤ እሜት ወለተሩፋኤልም ቆመው አዩት። በማግሥቱም ደገሙት፤ በማግሥቱም ቀዘቀዘ።

አላምረው የቱቦ ሠራተኛ ነው። ጣሊያን ፒያሳን ሲሠራ ከመሬት በታች የቀበረው የቆሻሻ ቱቦ ጣሊያን ሲወጣ እዚያው ቀረ። ፎቁንና ሱቁን የወረሰ ሰው ሁሉ ቱቦውንም አብሮ ወረሰ፤ ሽንት ቤቱም መታጠቢያውም ወደዚያ ይፈስሳል፤ ከሥር ግን ማን እንደሚጠርገው የጠየቀ አልነበረም። አንድ ክረምት የቱቦው አፍ ገንፍሎ ገበያውን ከሞላው ወዲህ ነው ማዘጋጃ ቤቱ ጥቂት ጎልማሶች ቀጥሮ፣ ቀርከሃና ገመድ ሰጥቶ፣ "በሉ ጠብቁልን" ያላቸው።

ይህ ነገር ለእሜት ወለተሩፋኤል ቀላል አልነበረም። ባላቸው መሪጌታ ገብረ ሚካኤል በልደታ ደብር ዜማ ሲያስተምሩ የሞቱ ሰው ናቸው። እሳቸውም በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋል፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቆርበዋል፤ የደብሩን መገበሪያ ስንዴ የሚፈጩትም እሳቸው ናቸው። ለቁርባን የሚሆን ዱቄት በሚወርድበት ቤት የቱቦ ሰው እንዴት ይግባ? አላምረው ሥራ የጀመረ ዕለት አስበው አስበው ሥርዓት አበጁለት። ልብሱን አጥር ላይ ይሰቅላል። እሳቸው በሚያሞቁለት ውሃ ከአጥሩ ሥር ይታጠባል። ከዚያ በበሩ አጠገብ ካለችው መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ምድጃው አያልፍም፤ ወፍጮው ወዳለበት ጥግም አይጠጋም። ማደሪያው በግቢው ጥግ ያለችው ጎጆ ናት። የሚጠጣበትን የቀንድ ዋንጫም ከሌላው ለይተው፣ ከበሩ መቃን ላይ ከተተከለ ችንካር ሰቀሉለት።

"ለአንተው ነው ልጄ፤ ለነፍስህ ነው" ብለውት ነበር ያን ዕለት።

"እሺ እምዬ" አለ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እሺ እንዳለ ነው። የሰው ልጅ እሺ ካለ ምን ይባላል?

ደግሞ አንድ የሚያጽናናቸው ነገር ነበር። ሠራተኞቹ ቱቦ ከመውረዳቸው በፊት በሲባጎ ያሰሩትን የበራ ጧፍ ወደ ጉድጓዱ ይሰድዳሉ። ጧፉ ከነደደ ይወርዳሉ፤ ከጠፋ መጥፎ አየር አለና ማንም አይወርድም። ያንን ጧፍ የሚጠመዝዙት እሜት ወለተሩፋኤል ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ከሚሠሩት የተረፈውን ሰም በፈትል ላይ እያሹ። አላምረው በየጠዋቱ ከበሩ መደርደሪያ አንዱን አንስቶ ደረቱ ውስጥ ይሸጉጣል። "ከእሱ በፊት የእኔ መብራት ይወርዳል" ይሉ ነበር ለራሳቸው፤ እናቱ ይመኙሽ እሱን ስትወልድ ሞታ፣ አባቱ ዘምቶ ሳይመለስ ቀርቶ፣ ጡት ፍለጋ ሲያለቅስ ደረቅ ጡታቸውን እያጎረሱ ያሳደጉት ልጅ ነውና።

አሁን ግን ሌላ ሰው አጠበው።

ጎረቤታቸው ታየች ነገር የምትሰጠው እንደ ጨው ነው፤ ቆንጠር እያደረገች። እሳት ልትጭር መጥታ ከበሩ ቆመች።

"እሜቴ፣ ልጅዎ አማረበት እኮ።"

"ምኑ?"

"እግሩ ነዋ። ትናንት ከፒያሳ በታች፣ እናኑ ጠላ ቤት በራፍ ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ አየሁት። እንደ ሙሽራ።"

"እናኑ ደግሞ ማን ናት?"

"ኮማሪት ናታ።"

እሜት ወለተሩፋኤል ፍሙን በቁራጭ ገል ጨለፉላት። ከዚያ ሳያስቡት፣ "ቆንጆ ናት?" አሉ።

ታየች ሳቀች። "ውሃዋ ሸጋ ነው አሉ። የቱቦ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚሰለፍ።"

"አንች ደግሞ፤ የጠየቅሁሽን መልሽልኝ።"

"ምን ወንድ ነኝ እኔ ቁንጅና የምለይ" ብላ ፍሟን ይዛ ሄደች።

ያን ቀን ወፍጮው ላይ ሆነው እናኑን በሐሳባቸው ሲሠሯት ዋሉ። ሹሩባዋን አወረዱላት፤ አንገቷን በንቅሳት ሞሉት፤ ጥርሷን አነጡት። ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ደግሞ ከሰሷት። ሚስት ከሆነች ትምጣ። ለሚስት መልስ አላቸው። የማን ዘር ነሽ ይሏታል። ረቡዕና ዓርብ ትጾሚያለሽ ወይ ይሏታል። ጠላ ጠምቆ የሸጠ እጅ መገበሪያ ይነካል ወይ ይሏታል። ስንዴው ከመጁ ሥር እየደቀቀ ሲወርድ እሷም አብራ እየደቀቀች ወረደች፤ ቢሆንም በማግሥቱ ልባቸው አልረጋም። ጧፍ በመቀነታቸው ጠቅልለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ፒያሳ ወጡ። "ጧፍ ረስቶ ሄደ" ሊሉ ነው ለጠየቃቸው።

ሠራተኞቹ ከፖስታ ቤቱ በታች ነበሩ። የቱቦው ክዳን ተነሥቷል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ የነጠላውን ጫፍ አፍንጫው ላይ አድርጎ መንገዱን ይለውጣል። እሜት ወለተሩፋኤልም የራሳቸው ነጠላ አፍንጫቸው ላይ መውጣቱን ያወቁት የሠራተኞቹ አለቃ አያ ቢያዝን ቀና ብሎ ሲያያቸው ነው። ቶሎ አወረዱት።

"እሜቴ ወለተሩፋኤል። ምነው በደኅና? ሰው ሞተ?"

"ሰውስ አልሞተ። ልጁ ጧፍ ረስቶ ሄደ ብየ ነው።"

"አልረሳም፤ ይኸው እየነደደች ነው።"

ጎንበስ ብለው አዩ። በጉድጓዱ አፍ፣ በሲባጎ የተንጠለጠለች ጧፍ ትነድዳለች። ወፍራም ናት፤ አጠማዘዟም ወጣ ገባ የበዛበት ነው። የእሳቸው እጅ እንዲህ አይሠራም።

"ይህች የማን ናት?"

አያ ቢያዝን ገመዱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዞረ። "እርስዎ የሚሠሩት እንግዲህ ለቅዳሴ ሸጋ ነው፤ ቀጭን ነው። ለጉድጓድ ግን... እነሆ ነፋስ ሽው ሲል ያጠፋዋል። ነፋስ ያጥፋው፣ መጥፎ አየር ያጥፋው አናውቅም። አንዴ ሁለቴ ከሥራ አስቀረን። እናኑ ናት ወፍራም አድርጋ የሠራችልን።"

"ለእኔ ቢነግረኝ አላወፍርም ነበር?"

"ሊነግርዎ ያፈረ መሰለኝ።"

እሜት ወለተሩፋኤል መቀነታቸውን ጨበጡ። ያፈረ። ደረቅ ጡት የጎረሰ ልጅ ከእሳቸው ምን የሚያፍር ነገር አለው? ለኮማሪት ይነገራል፤ ለእሳቸው ይታፈራል።

"አሁን የት ነው?"

አያ ቢያዝን በአገጩ ወደ ጉድጓዱ አመለከተ። ሁለት ሠራተኞች ጫፍ ለጫፍ የታሰረ የቀርከሃ ዘንግ ወደ ውስጥ እየገፉ ነው። ዘንጉ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ከሥር የታፈነ ድምፅ "ግፋ" ይላል። ከዚያ ባልዲ በገመድ ይወጣል፤ አመድ፣ የጠላ አተላ፣ የበሰበሰ ጨርቅ።

"አመዱን አዩት?" አለ አያ ቢያዝን። "አመድ ከአተላ ጋር ሲጋባ ሲሚንቶ ነው የሚሆን። በየቤቱ እየዞርን 'በእግዜር ይሁንባችሁ ከቱቦው አትድፉ' እንላለን። እሺ ይሉናል። ዞር ስንል ይደፉታል። ጥምቀት ደግሞ ደረሰ፤ ታቦታቱ የሚያልፉት በዚህ ነው፤ ከትክል ድንጋይ፣ ከእንፍራንዝ፣ አገሩ ሁሉ ይገባል። ያን ዕለት ይህ ቢፈነዳ ከካህናቱ እግር ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አፍ ሳንጠርግ አንቀመጥ። ከዚያ ደግሞ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ውሃ የሚያስገባውን ቦይ እንጠርጋለን።"

"ጥምቀተ ባሕሩን እናንተ ናችሁ የምትጠርጉት?"

"ማን መሰለዎ?" አያ ቢያዝን ፈገግ አለ። "የልደታ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆስ ዘንድሮ ክረምት ውሃ ያልገባባት በማን ነው?"

"በልደታ።"

"ልደታም ረድታለች። ከላይ የሚወርደውን ቆሻሻ ወደ ወንዙ የመለሰውን ቦይ የቆፈረው ግን አላምረው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ። 'ከዚያ ነው ያደግሁ' አለና፤ እኛም አፈርንና አገዝነው።"

እሜት ወለተሩፋኤል እነዚያን ቅዳሜዎች ያስታውሳሉ። አምሽቶ ሲመጣ "የት ስትዞር ነበር?" ብለው የተቆጡባቸው ቅዳሜዎች ናቸው። አልነገራቸውም። ለእናኑ ግን እንደ ነገራት አሁን እርግጠኛ ሆኑ። ሰው ሁሉ ልጃቸውን ያውቀዋል፤ እሳቸው ብቻ ዋንጫውን ያውቃሉ።

ገመዱ ተወዘወዘ። አያ ቢያዝን ወደ ጉድጓዱ ዞረ። እሜት ወለተሩፋኤል፣ "እንደ መጣሁ እንዳትነግረው" ብለው፣ መንገድ ዳር ከቆመች ማኪና ጀርባ ሄዱና ቆሙ። ለምን እንደ ተደበቁ አልገባቸውም። ገላቸው ብቻውን ነው የሄደው።

አላምረው ወጣ፤ እስከ ጭኑ ጠቁሯል። ከወዲያ ማዶ የአንዲት ቤት በር ተከፈተና አንዲት ሴት ገበቴና እንስራ ይዛ መጣች። አላምረውን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ከፊቱ ተንበረከከች። ከጉልበቱ ጀምራ ውሃውን በመዳፏ እያወረደች፣ ሳትቸኩል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየለየች አጠበችው።

"አንች፣ ዛሬስ አቃጠልሽኝ" አለ አላምረው እየሳቀ።

"ዝም በል፤ ቆዳህ የጎሽ ነው።"

ስትጨርስ እግሩን አንስታ ሳመችው፤ ድሮ የሩቅ እንግዳ የሚታጠበው እንደዚያ ነበር። ስትነሣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጠጉሯ ከግማሽ በላይ ነጭ ነው።

ልጃገረድ አይደለችም። ሚስት አይደለችም። ይመኙሽ ብትኖር ኖሮ በዚህች ሴት ዕድሜ ትሆን ነበር። በወፍጮው ላይ ሲያዘጋጁት የከረሙት ጥያቄ ሁሉ ከእሜት ወለተሩፋኤል አፍ ላይ በነነ። ለሚስት መልስ ነበራቸው፤ ለዚህች ግን አልነበራቸውም። ደግሞስ "አንች" ነው ያላት። እሳቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ "እርስዎ" ነው የሚላቸው፤ በደብተራ ቤት ያደገ ልጅ ነውና እሳቸው ናቸው ያስተማሩት። እናት ግን አንች ነው የምትባል።

ወደ ቤት ሲወርዱ መቀነታቸውን ፈትተው አዩት። ጧፎቹ ከመዳፋቸው ሙቀት ጎብጠው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

ያን ማታ ራት ሲቀርብለት ቅቤ የበዛበት ሽሮ፣ ከላይም እርጎ ነበር። አላምረው በበሩ መደብ ላይ ተቀምጦ ገበታውን አየ።

"ምነው እምዬ፣ ዓመት በዓል ነው?"

"ብላ ዝም ብለህ።"

በላ። ዋንጫውን ከችንካሩ አውርዶ ጠጣ። ከዚያ እጁን ሳይታጠብ ቆየ።

"እምዬ፣ አንድ ነገር አለኝ፤ አይቆጡ።"

"ተናገር።"

"እናኑ የምትባል ሴት አለች። ፒያሳ፣ የቱቦው አፍ ፊት ለፊት ነው ቤቷ። ጣሊያን ቱቦውን ሲያስቀብር አንድ ልጇ ከቆፋሪዎቹ ጋር ነበር። አፈሩ ተደረመሰበት። ከዚያው ከፊቷ። ከዚያ ወዲህ ያ ጉድጓድ በተከፈተ ቁጥር፣ የወረደው ሰው እስኪወጣ ድረስ አትቀመጥም። ውሃም የምታሞቅልን ለዚያ ነው።"

እሜት ወለተሩፋኤል እሳቱን ቆሰቆሱ።

"ልጅ አድርጋ ልትይዘኝ ትፈልጋለች። የጡት ልጅ። በምስክር ፊት፣ አውራ ጣቷን ማር ነክራ ልታጠባኝ። አያ ቢያዝን ምስክር ይሆናል። እሷ ግን 'ያሳደጉህ ሳይፈቅዱ አላደርገውም' አለች። እኔም... ካልፈቀዱ ይቀራል።"

"አንተስ?"

"እኔስ ምን?"

"ትፈልጋለህ?"

አላምረው ዋንጫውን በመዳፎቹ መካከል አዞረ። "ሰው የሚያጥበኝ መሆኑ ገረመኝ" አለ።

እሜት ወለተሩፋኤል ማሞቅ እንጂ ማጠብማ አላጠቡትም። ገንቦውን አጥር ሥር አስቀምጠው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ መገበሪያ የሚነካ እጅ ነዋ። ይህንን ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ትምጣ" አሉ። "በእኔ ቤት ይሁን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ።"

ልጁ ደስ ብሎት ከመደቡ ተነሥቶ ግንባሩን እስከ መሬት ዝቅ አደረገ፤ ከዚያው ከበሩ።

እስከ እሑድ እጃቸው ሥራ አልፈታም። አንዱ ሥራ ግልጽ ነበር። ቤቱን በአዛባ ለቀለቁ፤ የባላቸውን መቋሚያና ጸናጽል ከፊት ለፊት ሰቀሉ፤ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው አትሮንሱ ላይ አደረጉ። ያች ኮማሪት ልጁ ከምን ቤት እንደ ወጣ ትመልከት። ይህን አይታ ራሷ ትፈር፤ ራሷ ትተው። ሁለተኛው ሥራ ግን አላምረው ቤት በሌለበት ሰዓት የሚሠራ ነው። ፈትሉን ደራርበው፣ ሰሙን ደጋግመው እያሹ፣ ወፋፍራም ጧፍ ጠመዘዙ። አንዱን አብርተው በበሩ ነፋስ ፊት ያዙት፤ አልጠፋም። በበሩ መደርደሪያ ላይ፣ ከሚያነሣበት ቦታ አስቀመጡት። ሲያየው አንድ ነገር ይላል ብለው ጠበቁ። ያ ሳምንት ግን ቀሃ ቦዩን ሲጠርግ የከረመበት ነው፤ ጧፍ አላስፈለገውም፤ መደርደሪያውንም አልዳሰሰ።

እሑድ እናኑ መጣች፤ ትንሽ የማር ቶፋ በነጠላዋ ሥር ይዛ፣ ከአያ ቢያዝን ኋላ። ጥበብ የሌለው ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ከደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ ጉልበት ልትስም ስትል እሜት ወለተሩፋኤል ቀድመው ክንዷን ያዙ።

"ግቢ፣ ግቢ። ወደ ላይ እለፊ።"

ከምድጃው አጠገብ፣ ቁርበት ከተነጠፈበት መደብ ላይ አስቀመጧት። የመሪጌታ ገብረ ሚካኤልን ዋንጫ፣ በብር የታሰረውን፣ ሞልተው ሰጧት። አያ ቢያዝን ከአጠገቧ ተቀመጠና ቤቱን ቀና ብሎ ቃኘ።

"ይህ ቤት ነው" አለ። "እኔ እዚህ ቤት ስገባ ማስነጠስ እንኳ በግዕዝ ይመስለኛል።"

እናኑ ፈገግ አለች። ዋንጫውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ዐይኗ አንድ ነገር ፈለገ፤ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከበሩ ላይ አረፈ። አላምረው በበሩ መደብ ላይ ተቀምጧል። የቀንዷ ዋንጫ በእጁ ናት።

"ምነው፣ እሱ አይገባም?"

"ከዚያ ነው ቦታው" አሉ እሜት ወለተሩፋኤል። ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት ነበር። "ይህ የመገበሪያ ቤት ነው። በዚያ ወፍጮ የሚወርደው ዱቄት ለቁርባን ነው። ሥርዓት አለን። ልጁም ያውቃል፤ አንድ ቀን አልፎ አያውቅም። በሥርዓት ነው ያደገ።"

"ታጥቦ እኮ ነው የመጣ" አለች እናኑ በቀስታ። "ዛሬ ጠዋት እኔው አጥቤዋለሁ።"

"አንች ያጠብሽው ለአንች ቤት ነው።"

አያ ቢያዝን ጉሮሮውን ጠረገ። እናኑ የብር ዋንጫውን ከመደቡ ላይ አስቀመጠችው፤ አልጠጣችበትም። የተሰቀለውን መቋሚያ አየች፤ ዳዊቱን አየች፤ ከዚያ ከበሩ መቃን ላይ ያለችውን ችንካር አየች። ፊቷ ላይ ኩራትም እፍረትም አልነበረም። እሜት ወለተሩፋኤል የጠበቁት እፍረት የት እንደ ሄደ አጡት። እናኑ ተነሣች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሄደችና በበሩ መደብ ላይ፣ ከአላምረው አጠገብ ተቀመጠች። ዋንጫውን ከእጁ ተቀብላ ጠጣች። መልሳ ሰጠችው።

እሜት ወለተሩፋኤል ያን አዩ። እሳቸው ካስቀመጡት ቦታ፣ እሳቸው በለዩት ዋንጫ፣ በራሳቸው ቤት፣ ልጃቸውን ወሰደችው። ያችን መደብ ይህን ያህል ዓመት ሲለቀልቋት አንድ ቀን ሊቀመጡባት አላሰቡም።

"እንግዲህ" አለ አያ ቢያዝን፣ ነገሩ እንዳይደርቅ ብሎ፣ "ነገር ሳይረዝም። እሜቴ ወለተሩፋኤል፣ ልጁ የእርስዎ ነው። ይህች ሴት ማር ይዛ መጥታለች። ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም? ቢፈቅዱም እርስዎ የሚያጡት የለም፤ ልጅ በሁለት እናት አይጎድል።"

ቶፋው እናኑ መጀመሪያ ከተቀመጠችበት ቦታ፣ ቁርበቱ ላይ ቀርቶ ነበር። እሜት ወለተሩፋኤል አነሡት። ክዳኑን ከፈቱ። የራሳቸውን አውራ ጣት ነከሩ።

"ጡት ካስፈለገው የእኔው አለ" አሉ። "ወተት ባይኖረውም አጥብቼዋለሁ። ይመኙሽ ስትሞት እኔ ነኝ ያጠባሁት። አያ ቢያዝን፣ ምስክር ሁን። ና አላምረው።"

አላምረው ቀና አለ።

"ና። እዚህ ና።"

ከመደቡ ተነሣ። ዋንጫውን እንደያዘ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ መጣ፤ ከዚያ እግሩ ቆመ። ከበሩ መደብና ከምድጃው መካከል ምንም ግድግዳ የለም፤ የተሰመረ ነገርም የለም፤ ጠፍጣፋ ልቅልቅ ወለል ነው። እግሩ ግን ቦታውን ያውቀዋል። ወደ እግሩ አየ። ንጹሕ ነው። ወደ ወፍጮው አየ።

"ና አልሁህ እኮ" አሉ እሜት ወለተሩፋኤል።

"ሂድ ልጄ፤ ይጠሩሃል" አለች እናኑ ከኋላው፣ በሹክሹክታ።

ልጄ። እሜት ወለተሩፋኤል ቃሏን ሰሙ፤ ጣታቸውንም ይበልጥ ወደ ላይ አነሡ።

አያ ቢያዝን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ "እሜቴ፣ እርስዎ ይሂዱለት፤ ልጁ ለምዶት ነው" አላቸው። ሰሙት። ሁለት እርምጃ ነበር። ሄደው እዚያው ከበሩ፣ ከቆመበት ማሩን ሊያጠቡት ይችሉ ነበር። ያች ሴት ግን እያየች ነው። እሷ እያየች እሳቸው ወደ በሩ ይሂዱ? እሱ ነው መምጣት ያለበት። እሱ እየተራመደ፣ እሷ ከመደቡ ላይ ተቀምጣ እያየች፣ ወደ እሳቸው ነው መምጣት ያለበት። ስለዚህ አልተነቃነቁም። ማሩ ከአውራ ጣታቸው ወደ መዳፋቸው፣ ከመዳፋቸው ወደ አንጓቸው ወረደ።

አላምረው ጣታቸውን አየ፤ ፊታቸውን አየ። ከንፈሩ ትንሽ ተላቀቀ፤ የሚናገር መሰላቸው። ከዚያ ዞረ። በዋንጫው የቀረውን ጠላ ከደጃፉ ውጭ ደፋ። ዋንጫውን አፉን ወደ ታች አድርጎ ከችንካሩ ላይ መልሶ ሰቀለ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ መደርደሪያው ሄደና ከጧፉ አንዱን አነሣ፤ ሲይዘው ውፍረቱ ገርሞት ቆም አለ፤ በጣቶቹ መካከል አንዴ አገላበጠው። እሜት ወለተሩፋኤል ትንፋሻቸውን ያዙ።

ጧፉን ደረቱ ውስጥ ሸጎጠና፣ በእናኑ ፊት አልፎ ከቤቱ ወጣ።